ማን ነህ? ማን ነዎት? ማን ልበል?

ሰው በስድብ ይናቃል፤ በጥያቄ የሚናቀው ግን ይበዛል። አንድ ጎልማሳ በር ላይ ቆሞ «ማን ነህ?» ሲባል፣ ስሙን ከመናገሩ በፊት ጠያቂው የት እንዳስቀመጠው ገብቶታል። «ማን ልበል?» የተባለው ደግሞ ገና ስሙን ሳይናገር ግማሽ በሩ ተከፍቶለታል። የተፈለገው መረጃ ያው ስም ነው። የሚለየው ጠያቂው ስለ ተጠያቂው አስቀድሞ የወሰነው ነገር ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መልስ ሰጪውን ነው። ጠያቂም ይፈረድበታል።

ይህን ነገር እስከ መጠይቅ ቃሉ ሥር ድረስ ወርዶ የሠራበት ቋንቋ አለ፤ ጃፓንኛ። በዛሬዋ ጃፓን ደግሞ ጉዳዩ የሰዋስው መምህራን ብቻ የሚነጋገሩበት አይደለም። በ2022 መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን አለፈ። በ2024 መጨረሻ ከ3.7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሐምሌ 2025 በተካሄደው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» በሚል መፈክር የቀሰቀሰው ሳንሴይቶ የተባለ ፓርቲ 14 መቀመጫ አገኘ። የውጭ ዜጋው ጉዳይ ከፖሊስ ጣቢያና ከፋብሪካ በር ወጥቶ የምርጫ አጀንዳ ሆኗል ማለት ነው።

እነዚህን ሰዎች ጃፓን በየቀኑ ትጠይቃቸዋለች። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ፣ የት ትኖራላችሁ፣ ለምን መጣችሁ። ጥያቄው የማይቀር ነው፤ ማንኛውም ሀገር ይጠይቃል። ጃፓንኛ ግን ጠያቂውን አንድ ተጨማሪ ምርጫ ያስመርጠዋል፤ በየትኛው «ማን»? በየትኛው «የት»?

*

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓንኛ «ማን» ለማለት ተራው ቃል «ዳሬ» ነው። ከፍ ሲል «ዶናታ» ይሆናል። ከዚያም በላይ «ዶቺራ ሳማ» አለ። ጓደኛ ስለ ጓደኛው ሲጠይቅ «ዳሬ» ይላል። በር ሲንኳኳ የቤቱ ሰው «ዶናታ ዴስ ካ» ይላል። የመሥሪያ ቤት ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ ደግሞ «ዶቺራ ሳማ ዴሾ ካ» ማለት አለበት። ይህ የመጨረሻው ልክ እንደኛ «ማን ልበል?» ነው። የአማርኛው ሐረግ ሰውየውን «ማን ነህ» ብሎ አያፋጥጠውም፤ «እኔ ማን ብዬ ልጥራዎት» ብሎ ጥያቄውን ወደ ራሱ ያዞረዋል። የጃፓንኛውም በሌላ መንገድ ያንኑ ያደርጋል።

«የት»ም ሁለት ነው። ተራው «ዶኮ»፣ የአክብሮቱ «ዶቺራ»። «እንዴት»ም እንዲሁ፤ ተራው «ዶ»፣ የአክብሮቱ «ኢካጋ»። ዕድሜ ሲጠየቅ ሕፃኑ «ኢኩትሱ?» ይባላል፤ ትልቅ ሰው ግን «ኦ» የምትባል የአክብሮት ቅጥያ ከፊት ተጨምራለት «ኦኢኩትሱ ዴስ ካ» ይባላል። ዋጋ የሚጠይቅም «ኢኩራ» ወይም «ኦኢኩራ» ይላል። «ምን ዓይነት» ለማለት ለወዳጅ «ዶንና»፣ ለደንበኛ «ዶኖ ዮና» አለ።

አማርኛ በአመዛኙ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። «ማን»፣ «የት»፣ «መቼ» ለልጅም ለሽማግሌም አይለወጡም። ክብሩን የሚሸከመው ግሡ ነው፤ ነህ፣ ነሽ፣ ነዎት። ሆኖም አማርኛም አንዳንድ ቦታ የጃፓንኛውን መንገድ ይነካካል። «እንዴት አደርክ?» እና «እንደምን አደሩ?» ሲባል የተለወጠው ግሡ ብቻ አይደለም፤ መጠይቁም ተለውጧል። «እንደምን» ለጎረምሳ ጓደኛ ቢባል ቀልድ ይመስላል። «ዶ» እና «ኢካጋ» በጃፓናዊ ጆሮ ላይ የሚፈጥሩት ልዩነት ለዚህ ይቀርባል።

የአክብሮት ቃላቱ ከየት እንደመጡ ማወቅ አሠራራቸውን ያስረዳል። «ዶቺራ» በመሠረቱ «በየት በኩል» ማለት ነው፤ አቅጣጫ ነው። «ዶናታ»ም ከአቅጣጫ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ «ዶቺራ ሳማ» ቃል በቃል ሲፈታ «በየት በኩል ያሉ ጌታ/እመቤት» እንደ ማለት ነው። ጠያቂው ጣቱን ወደ ሰውየው አይቀስርም፤ እጁን ዘርግቶ ወደ አካባቢው ያመላክታል። «አናታ» የሚለው «አንተ/አንቺ» ተብሎ የሚተረጎም ቃል እንኳ በጥንቱ ትርጉሙ «ወዲያ ማዶ» ነበር። የአማርኛው «እርስዎ» ከ«ርእስ» ማለትም ከራስ የወጣ ነው፤ እኛ ሰውን ስናከብር ራሱን ጠራን፣ እነሱ ያለበትን አቅጣጫ ጠሩ። ሁለቱም ፊት ለፊት ከመጠቆም የማምለጫ ዘዴዎች ናቸው።

ከዚህ የሚመጣ አስገራሚ ውጤት አለ። አንድ ጃፓናዊ አዲስ የተዋወቀውን ሰው «ካይሻ ዋ ዶቺራ ዴስ ካ» ቢለው፣ ቃል በቃል «ድርጅትዎ በየት በኩል ነው» ማለት ነው። የሚጠበቀው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ሰፈር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። «የት ትሠራለህ» ሲባል «ፒያሳ» ብሎ እንደሚመልስ ሰው፣ ጃፓንኛ የሚማር የውጭ ሰው እዚህ ላይ የባቡር ጣቢያ ስም ይጠራል። አክብሮት ጥያቄውን ሲያለሰልሰው ያደበዝዘዋልም።

*

ታዲያ ሁሉም መጠይቅ የክብር ልብስ አለው ማለት አይደለም። «መቼ» ለማለት ያለው «ኢትሱ» ለሁሉም ያው ነው፤ ቢበዛ «ኢትሱ ጎሮ»፣ «መቼ አካባቢ» ተብሎ ይለሰልሳል። «ምን» ለማለት ያለው «ናኒ»ም ብቻውን ነው። ለደንበኛ «ምን ይፈልጋሉ» ለማለት ቃሉን ሳይሆን ግሡን ወደ አክብሮት ይቀይሩታል።

ስም ሲጠየቅ ደግሞ የሚገርም ነገር ይደረጋል፤ መጠይቁ ጨርሶ ይጣላል። «ኦናማኤ ዋ…» ይባላል፤ «ስምዎ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አየር ላይ መተው ነው። የቀረውን ተጠያቂው ይሞላል። በ2016 የወጣውና በዓለም ዙሪያ የታየው የማኮቶ ሺንካይ አኒሜሽን ፊልም «ኪሚ ኖ ና ዋ» የሚለው ርዕሱ በዚሁ የተቆረጠ ጥያቄ የተሠራ ነው። «ኪሚ» ግን የቅርብ ሰው መጥሪያ ነው፤ ስለዚህ ርዕሱ የወጣት ለወጣት ጥያቄ እንጂ የሠራተኛ ለደንበኛ ጥያቄ እንዳልሆነ ጃፓናዊ አንባቢ ገና ፊልሙን ሳያይ ያውቃል።

ከሁሉም አስቸጋሪው «ለምን» ነው። ጃፓንኛ ሦስት አለው። «ናዜ» ጠጣርና የጽሑፍ ጠረን ያለው፣ «ዶሽቴ» መካከለኛው፣ «ናንዴ» የቤትና የጓደኛ። ከሦስቱ አንዱም የአክብሮት ቃል አይደለም። «ናዜ» ክብደት አለው እንጂ ትሕትና የለውም፤ ለአለቃ «ናዜ» ማለት እንደ ዐቃቤ ሕግ መሆን ነው። ስለዚህ ትሑት ጠያቂ «ለምን»ን ትቶ «የማይከብድዎት ከሆነ ምክንያቱን ብጠይቅ ይፈቀድልኛል?» ወደሚል ረጅም መንገድ ይዞራል።

ይህን አማርኛ ተናጋሪ በሚገባ ያውቀዋል። «ለምን ዘገየህ?» እና «ምነው ዘገየህ?» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተጠያቂውን ከሳሽ ፊት ያቆመዋል። ሁለተኛው «ደግ ነው?» የሚል ስጋት በውስጡ ይዟል፤ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ብሎ ሳይሆን ችግር ገጥሞት ይሆናል ብሎ ይጀምራል። ጃፓንኛ «ምነው» የሚያህል አጭር ቃል ስላላገኘ በዝርዝር ይቅርታ ይጠይቃል።

«ናንዴ» ሌላም ወጥመድ አለው። «በምን» ማለትም ይሆናል። «ናንዴ ኪታ ኖ?» የተባለ ሰው «በምን መጣህ፤ በባቡር ነው በአውቶቡስ?» ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ «ለምን መጣህ?» ተብሎም ሊሆን ይችላል። አንዱ ጨዋታ ነው፤ ሌላው ምርመራ። አዲስ መጤ ሰው መልሱን ከመምረጡ በፊት የጠያቂውን ፊት ማንበብ አለበት።

*

ጃፓን ይህን ሥርዓት ዝም ብላ አልተቀበለችም። በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥቷ የመሳፍንት ማዕረግን ሻረ፤ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። ቋንቋው ግን ማዕረጉን በየዓረፍተ ነገሩ ይዞ ቀረ። ስለዚህ በ1952 የብሔራዊ ቋንቋ ምክር ቤት «ከእንግዲህ ያለው የአክብሮት ቋንቋ» የሚል ሰነድ ለትምህርት ሚኒስትሩ አቀረበ። መንፈሱ ግልጽ ነበር፤ የድሮው አክብሮት ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነበር፣ አዲሱ እርስ በርስ በመከባበር ላይ ይቁም። የንግግሩ መሠረት «ዴስ» እና «ማስ» የሚሉት መካከለኛ የጨዋነት መዝጊያዎች ይሁኑ። ሰው ሁሉ ደግሞ ሌላውን «አናታ» ይበል።

ግማሹ ተሳካ፣ ግማሹ አልተሳካም። «ዴስ» እና «ማስ» የሀገሪቱ የጋራ መናገሪያ ሆኑ። «አናታ» ግን እምቢ አለ። ዛሬም መምህሩን ወይም አለቃውን «አናታ» የሚል የለም፤ በስም ወይም በማዕረግ ይጠራል። ሰነድ ቃል ሊሰጥ ይችላል፤ ቃሉ የሚሸከመውን ስሜት ግን መስጠት አይችልም።

በ2007 የባህል ጉዳዮች ምክር ቤት ሌላ መመሪያ አወጣ። በትምህርት ቤት በሦስት ይከፈል የነበረውን የአክብሮት ቋንቋ፣ «ኬይጎ»ን፣ በአምስት ከፈለው። መርሁ ግን ከ1952ቱ ብዙ አልራቀም፤ አክብሮት የእርስ በርስ ነው፣ ተናጋሪውም እንደ ሁኔታው ራሱ የሚመርጠው ነው። እዚህ ላይ «የሚመርጠው» የሚለው ቃል ቁልፍ ነው። ምርጫ ካለ ኃላፊነት አለ። «ዳሬ» ያለ ሰው «ቋንቋዬ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ «ዶናታ» አጠገቡ ነበረ።

*

አሁን ወደ ውጭ ዜጎቹ እንመለስ።

በጃፓን የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ። ለጃፓናዊ ደንበኛ በአክብሮት የሚናገር ሰው፣ የውጭ ሰው ፊት ሲያይ ወዲያው ወደ «ታሜጉቺ» ይወርዳል። «ታሜጉቺ» የእኩዮች፣ የቤተሰብና የልጆች አነጋገር ነው። «ዶቺራ» የነበረው «ዶኮ» ይሆናል፤ «ዴስ ካ» ይቆረጣል፤ «ከየት?»፣ «የት ነው ምትኖረው?» ይቀራል። የ40 ዓመት መሐንዲስ፣ የልጆች እናት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልጅ ይሆናሉ።

ይህ በተለይ የሚመረው ጠያቂው ሥልጣን ሲኖረው ነው። በ1948 የወጣው የፖሊሶች ሥራ አፈጻጸም ሕግ፣ ፖሊስ አጠራጣሪ ሁኔታ ያየበትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የዚህ ስሙ «ሾኩሙ ሺትሱሞን» ነው፤ «የሥራ ጥያቄ» እንደ ማለት። በጥር 2024 የውጭ የዘር ግንድ ያላቸው 3 ሰዎች በመልካችን ብቻ በተደጋጋሚ እየተቆምን እንጠየቃለን ብለው በቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ የተከሰሱት መንግሥት፣ የቶኪዮ ከተማ አስተዳደርና የአይቺ ክፍለ ሀገር ናቸው። የክሱ ጭብጥ ማን ይቆማል የሚለው እንጂ በምን ቃል ይጠየቃል የሚለው አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ይዋደዳሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቆመ ሰው ለአባቱ በማይባል ቃል ሲጠየቅ፣ ጥርጣሬው ላይ ንቀት ይጨመርበታል።

ቀለል ባለ መድረክም ይታያል። ቲቪ ቶኪዮ የሚያሠራጨው ተወዳጅ ፕሮግራም አለ፤ አዘጋጆቹ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የውጭ መንገደኞችን ወደ ጃፓን ምን ልታደርጉ መጣችሁ እያሉ ይጠይቃሉ። ርዕሱ ራሱ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ያለ «ዴስ ካ»፣ «አንተ» የሚለውን ደግሞ በእንግሊዝኛው «ዩ» ተክቶ። ፕሮግራሙ ሞቅ ያለና ወዳጃዊ ነው፤ ብዙ ውብ ታሪኮችን አውጥቷል። ቢሆንም ርዕሱ አንድ ነገር ያሳያል። የውጭ ሰው ሲጠየቅ ጃፓንኛው ራሱ ጫማውን ያወልቃል፤ ቅርበት ይሁን አለመጠንቀቅ፣ ለሰሚው ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

እዚህ ላይ ለጠያቂዎቹ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ወደ ታሜጉቺ የሚወርዱት በንቀት አይደለም። «እንዲገባው» ብለው ነው። ይህ ደግሞ ባዶ ሰበብ አይደለም።

ጥር 17 ቀን 1995 የኮቤ ከተማንና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰው ገደለ። ያኔ ጃፓንኛ በደንብ የማያውቁ ነዋሪዎች ማስጠንቀቂያውም፣ የመጠለያ መረጃውም አልገባቸውም። ከዚያ አደጋ በኋላ «ያሳሺ ኒሆንጎ» የሚባል እንቅስቃሴ ተወለደ፤ ቀላል ጃፓንኛ ማለት ነው። የሂሮሳኪ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁራን ግንባር ቀደም ሆኑ። ከባዱን «ተከታይ ርዕደ መሬት» የሚል ቃል «በኋላ የሚመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ» ብሎ መፍታት፣ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር። በነሐሴ 2020 የኢሚግሬሽን አገልግሎት ኤጀንሲና የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በጋራ ለመሥሪያ ቤቶች መመሪያ አወጡበት።

ምክንያቱም የአክብሮት ቋንቋ ራሱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሙሉ ኬይጎውን ለብሶ «ዛሬ ምን ዓይነት ጉዳይ ይዘው እንደመጡ ሊያስረዱኝ ይችሉ ይሆን?» የሚል የተጠቀለለ ጥያቄ ቢያቀርብ፣ አራት ወር ጃፓንኛ የተማረው ሰው የሚሰማው የተከበረ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጥያቄው አይደርሰውም። ከ2019 ጀምሮ በተከፈተው «የተለየ ክህሎት» የሥራ ፈቃድ የሚገቡ ሠራተኞች የሚጠየቁት የቋንቋ ደረጃ ከመሠረታዊው ብዙ ከፍ ያለ አይደለም። ለነሱ «ኢካጋ» ከ«ዶ» ይከብዳል፤ «ዶናታ»ም ከ«ዳሬ»።

እንግዲህ ጃፓን የቆመችው በሁለት ጉድለቶች መካከል ነው። ቢያከብሩት የማይገባው፣ ቢገባው የማያከብሩት ሰው አለ።

*

መውጫው ግን የለም ማለት አይደለም። የ2020ው መመሪያ ራሱ ይጠቁመዋል፤ ከባዶቹን የአክብሮት ግሦች ተዉ፣ «ዴስ» እና «ማስ»ን ግን አትተዉ። በጃፓንኛ የጨዋነት ዝቅተኛው ወለል ያ ነው። «ዶኮ ኒ ሱንዴ ኢማስ ካ» ማለት «የት ይኖራሉ» እንደ ማለት ነው። መጠይቁ ተራው «ዶኮ» ነው፤ መዝጊያው ግን ጨዋ ነው። ገና የጀመረ ተማሪ ይረዳዋል፤ የ60 ዓመት አዛውንትም አይቀየሙበትም።

ይህ በተለይ ለ«የት»፣ ለ«መቼ»፣ ለ«ስንት» በደንብ ይሠራል። ለ«ማን» ግን አይበቃም። «አናታ ዋ ዳሬ ዴስ ካ» ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፊት ለፊት ሲባል ምርመራ ይመስላል። እዚያ ላይ «ማን» የሚለውን ትቶ ስምን መጠየቅ ይሻላል፤ «ኦናማኤ ዋ?» አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ያከብራል። ለ«ለምን»ም እንዲሁ፤ ምክንያቱን መጠየቅ ሲያስፈልግ «ምክንያቱን ንገሩኝ እባክዎ» የሚል ጨዋ ዓረፍተ ነገር «ናንዴ?» ከምትል አንዲት ቃል የተሻለ ነው፤ ቀላልነቱም ያው ነው።

ስለዚህ «እንዲገባው ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ቃሉን ማቅለል ክብሩን ማንሣት አይጠይቅም። «ዴስ ካ» ሁለት ድምፅ ነው፤ በጃፓንኛ መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ያለ ነው። የውጭ ሰው ሁሉ ከመሠረቱ የሚያውቀው ጃፓንኛ ቢኖር እሱ ነው። እንዲያውም ብዙ ተማሪ የሚቸገረው በታሜጉቺ ነው፤ በክፍል ያልተማረው የተቆራረጠ የቤት ቋንቋ እሱ ነውና። ዝቅ ብሎ የሚናገረው ሰው ቀለል ያደረገለት ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ክብሩንም ትርጉሙንም ባንድ ጊዜ ያጣል።

«ይህ ሁሉ ኬይጎ ራሱ ይጥፋ፤ ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናል» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ያማልላል። የደረጃ ቋንቋ የደረጃ አስተሳሰብን ይመግባል፤ ጀማሪ ሠራተኛ መናገር የሚገባውን እውነት ቃል ሲመርጥ ጊዜው ያልፍበታል። ነገር ግን አክብሮትን ማጥፋት እኩልነትን አያመጣም። የአክብሮት ቃል ቀርቶ ሥልጣን ሳይቀር ከቀረ፣ ያለው ሰው እንደፈለገ ይጠይቃል፤ የሌለውም እንደፈለጉ ይጠየቃል። የ1952ቱ ሰዎች ያሰቡት የተሻለ ነበር፤ አክብሮቱን ማውረድ ሳይሆን ለሁሉም ማከፋፈል።

*

የዚህ ፈተና ሌላ ገጽ በአረጋውያን መንከባከቢያዎች ውስጥ አለ፤ እዚያ ጠያቂው ራሱ የውጭ ዜጋ ነው። ጃፓን ከ2008 ጀምሮ በስምምነት ከኢንዶኔዥያ፣ ቀጥሎም ከፊሊፒንስና ከቬትናም የነርስና የእንክብካቤ ሠራተኞችን ትቀበላለች። አንዲት ወጣት ከጃካርታ መጥታ የ85 ዓመት እናት አጠገብ ቆማለች እንበል። እናቲቱ ፊታቸውን አጨፍግገዋል። ምን ትበል?

«ዶሽታ ኖ?» ቢወጣት «ምን ሆንሽ?» ማለቷ ነው። ሙቀት አለው፤ የልጅ ልጅ ለአያት ሊለው ይችላል። ግን የ85 ዓመት ሰውን እንደ ሕፃን ማናገርም ነው፤ በጃፓን የእንክብካቤ ሥልጠናዎች አጥብቀው የሚከለክሉት አዝማሚያ ይኸው ነው። «ዶ ናሳይማሽታ ካ» ብትል «ምን ሆኑ?» ማለቷ ነው፤ ሐኪም ለታካሚ የሚለው። ያከብራል፤ በየደቂቃው ከተባለ ግን አልጋውን የሆስፒታል ቆጣሪ ያስመስለዋል። «ዶ ሺማሽታ ካ» በሁለቱ መካከል ነው፤ ተራው «ዶ» ከጨዋው መዝጊያ ጋር።

ሻይ ስታቀርብ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃታል። «መጠጣት ይፈልጋሉ?» የሚለውን ከቋንቋዋ ቀጥታ ብትተረጉመው፣ ጃፓንኛ የትልቅ ሰውን ፍላጎት እንዲህ በግልጽ መጠየቅን አይወድም፤ ገብቶ የሰው ልብ እንደ መፈተሽ ነው። ትክክለኛው «ኦቻ ዋ ኢካጋ ዴስ ካ» ነው፤ «ሻይስ እንዴት ነው?»። እምቢታውም እሺታውም ለሽማግሌዋ ቀላል እንዲሆን በሩ ክፍት ይተዋል። ይህች ወጣት «ኢካጋ»ን ለማወቅ የከፈለችው ድካም የማይታይ ሥራ ነው። ደመወዝ አይከፈልበትም። ሆኖም በማታ ከሥራ ወጥታ ባቡር ጣቢያ ላይ «ከየት?» በሚል የተቆረጠ ቃል ልትጠየቅ ትችላለች። ቀኑን ሙሉ የሰጠችው ቃል ለራሷ ይነፈጋታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከሰዋስው ወጥቶ ፍትሕ የሚሆነው። ጃፓን ከእነዚህ ሠራተኞች የአክብሮት አነጋገር ትጠብቃለች። የምትጠብቀውን ያህል ካልመለሰች የ1952ቱ «እርስ በርስ መከባበር» ወደ ድሮው፣ ከታች ወደ ላይ ብቻ ወደሚሄደው አክብሮት ተመለሰ ማለት ነው። ማዕረጉን የሚወስነው አሁን ልደት አይሆንም፤ ፓስፖርት ይሆናል።

*

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የጃፓን ነገር ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ግን የየቀን ኑሯቸው ነው። እዚህም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በአማርኛ «አንቱ የተባለ» የምንለው ስም ያተረፈ ሰውን ነው፤ ቋንቋው ራሱ ሰው የሚመዘነው በምን እንደሚጠራ ነው ይለናል። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቀርቦ «ምንድን ነው የፈለግከው?» ሲባል፣ ከኋላው የቆመው ባለ ክራቫት ግን «ምን ልታዘዝ?» ሲባል ያየ ሁሉ የ«ዶኮ»ንና የ«ዶቺራ»ን ልዩነት ጃፓን ሳይሄድ ተምሮታል። አማርኛን አፍ ባልፈታበት ክልል የተወለደ ዜጋ ቢሮ ገብቶ ቃሉን ሲያንጠባጥብ፣ «እንዲገባህ ነው» እየተባለ በ«አንተ» መጠየቁም የዚያው ወንድም ነው።

ጃፓንኛ በዚህ ረገድ የሚሰጠን ትምህርት ቀላል ነው። ቋንቋ ለጠያቂ ሁልጊዜ ከአንድ በላይ በር ያዘጋጃል። ከባዱን ቃል መተው ይቻላል፤ ተጠያቂው ካልገባው መተውም ያስፈልጋል። ወለሉን ግን ማንም ሊያነሣው አይገባም። ጃፓን ውስጥ ወለሉ «ዴስ ካ» ነው። እኛ ጋ «ነዎት» ነው። ሁለቱም ለመናገር ከሚወስዱት ትንፋሽ በቀር ምንም አያስወጡም፤ ያልተባሉለት ሰው ግን ያስታውሳቸዋል።